የሯጭ ጅማት ምን ያህል ሸክም ይሸከማል? ሳይንቲስቶችስ እንዴት ይለኩታል?

መስከረም 15/1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ ስታዲየም የ10 ሺህ ሜትር የፍጻሜ ውድድር የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ እና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይከንፉ ነበር። ኃይሌ በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ የወርቅ ሜዳሊያውን ወሰደ።

ብዙዎች ዛሬም ድረስ የሚያስታውሱት ያን ፉክክር ነው። ኃይሌ ወደ አውስትራሊያ ያቀናው ግን የተረከዝ ጅማቱ ሕመም ልምምዱን አስተጓጉሎበት ነበር። ከውድድሩ በኋላም ጅማቱን በቀዶ ሕክምና ታክሟል። ከአራት ዓመት በኋላ በአቴንስ ኦሊምፒክ አምስተኛ ሆኖ ሲጨርስም ይኸው ሕመም አልለቀቀውም ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ አሠልጣኝ የአትሌቱን የልብ ምት መቁጠር፣ ሰዓቱን መያዝ፣ የሸፈነውን ርቀት መመዝገብ ይችል ነበር። ጅማቱ በእያንዳንዱ ርምጃ ምን ያህል ሸክም እንደሚሸከም የሚነግረው መሣሪያ ግን በእጁ አልነበረም።

ጥያቄው የሻምፒዮኖች ብቻ አይደለም። በየማለዳው በእንጦጦና በሱሉልታ፣ በኬንያዋ ኢተን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ስፍራዎች ሁሉ የሚሮጡ ወጣቶች የነገ ኑሯቸውን በእግራቸው ላይ አኑረዋል። አንድ የቆሰለ ጅማት የአንድን ሯጭ ብቻ ሳይሆን እሱን ተስፋ ያደረገውን ቤተሰብም ዕጣ ሊለውጥ ይችላል።

ለመሆኑ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚሠራን የጅማት ሸክም መለካት ይቻላል? መልሱ ‘አዎ’ ነው። እዚህ ለመድረስ ግን ሳይንቲስቶች በሕይወት ባሉ ሰዎች ተረከዝ ላይ መሣሪያ ከመቅበር አንስቶ ጅማትን እንደ በገና አውታር እስከመምታት የሚደርስ ረዥም መንገድ ተጉዘዋል።

አንድ ስም፣ ሁለት ሥራ

በአማርኛ ‘ጅማት’ የሚለው ቃል ቢያንስ ሁለት የተለያዩ የሰውነት ክፍሎችን ይጠቀልላል። ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው በሕክምናው ቋንቋ ቴንደን ይባላል። አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ደግሞ ሊጋመንት ነው።

ሁለቱም በአብዛኛው የተሠሩት ኮላጅን ከተባለ ጠንካራ ፕሮቲን ነው። የኮላጅን ጭረቶች እንደ ገመድ ፈትል እየተጠቀለሉ ቃጫ ይሆናሉ፤ ቃጫዎቹም ተጠቃለው አንድ ጅማት ይሠራሉ።

ሥራቸው ግን ይለያያል። ቴንደን ጡንቻ ሲኮማተር የሚፈጠረውን ጉተታ ወደ አጥንት ያደርሳል። ያለ እሱ ጡንቻ ቢኮማተርም አጥንት አይንቀሳቀስም። ሊጋመንት ደግሞ መገጣጠሚያ ከመስመሩ እንዳይወጣ ይይዛል። እንደ ዘብ ነው፤ አጥንቶቹ ከተፈቀደላቸው በላይ ሲንሸራተቱ ይወጠርና ያስቆማቸዋል።

ከቴንደኖች ሁሉ ትልቁና ጠንካራው የባት ጡንቻዎችን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያገናኘው የተረከዝ ጅማት ነው። በግሪክ አፈ ታሪክ ጀግና ስም አኪሊስ ተብሎም ይጠራል። በሊጋመንቶች በኩል ደግሞ የእግር ኳስ ተመልካቾች በሚገባ የሚያውቁት በጉልበት ውስጥ የሚገኘው የፊት መስቀለኛ ሊጋመንት ነው። አንድ ተጫዋች ይህ ጅማቱ ሲበጠስ ብዙ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመት ገደማ ከሜዳ ይርቃል።

መሬት የሚናገረው፣ ጅማት የሚደብቀው

ሰው ሲሮጥ እግሩ መሬትን የሚመታበትን ኃይል መለካት አዳጋች አይደለም። ወለል ላይ የተገጠመ ኃይል የሚለካ ሰሌዳ ይህን በቀላሉ ይመዘግባል። በእጅ ሰዓትና በጫማ ላይ የሚገጠሙ ዘመናዊ መሣሪያዎችም ‘ምት’ ወይም ‘ጫና’ እያሉ ቁጥር ይሰጣሉ።

ነገር ግን እግር ከመሬት ጋር ሲጋጭ የሚፈጠረው ኃይል እና በሰውነት ውስጥ ያለው ሸክም አንድ አይደሉም። በአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች እአአ በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመሬት የሚለካው ኃይል መጨመርና መቀነስ በቅልጥም አጥንት ላይ ያለውን ሸክም በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማያሳይ አመልክተዋል።

ምክንያቱ ጡንቻ ነው። በሰውነት ውስጥ ትልቁን ሸክም የሚፈጥሩት አጥንትን የሚጎትቱት ጡንቻዎች ራሳቸው ናቸው። የእነዚህ ጡንቻዎች ጉተታ የሚያልፈው ደግሞ በጅማት በኩል ነው።

ይህን ለመረዳት ዲጂኖ ያስቡ። በዲጂኖ ድንጋይ ስንፈነቅል ረዥሙን ጫፍ እኛ ስለምንይዝ በትንሽ ጉልበት ትልቅ ድንጋይ ይነቀላል። በእግራችን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ረዥሙን ጫፍ የያዘው መሬት ነው፤ አጭሩን የያዘው ጅማታችን ነው።

60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ የፊት መዳፍ ላይ ተነሥቶ ቆመ እንበል። ክብደቱ 600 ኒውተን ገደማ ነው። ኒውተን የኃይል መለኪያ ሲሆን፣ 10 ኒውተን የአንድ ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ያህል ነው። ከቁርጭምጭሚቱ እስከ እግሩ የፊት መዳፍ ያለው ርቀት 12 ሴንቲ ሜትር፣ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ተረከዝ ጅማቱ ያለው ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጅማቱ ሚዛኑን ለመጠበቅ 600 በ12 ተባዝቶ ለ5 ሲካፈል የሚገኘውን ኃይል ማለትም 1,440 ኒውተን መሳብ አለበት። ይህ 144 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሰውየው ገና አልሮጠም፤ ቆሟል።

በተረከዝ ውስጥ የተቀበረው ዘለበት

ስሌት ጥሩ ነው፤ በቀጥታ መለካት ግን ይበልጣል። በእንስሳት ጅማት ላይ ኃይል የሚለካ ዘለበት መሰል መሣሪያ የመግጠም ሐሳብ የተጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነበር። የአሠራሩ መርህ ቀላል ነው። ጅማቱ እንደ ቀበቶ በዘለበቱ ውስጥ ትንሽ ጠመም ብሎ ያልፋል። ሲወጠር ቀጥ ለማለት ስለሚታገል ዘለበቱን ይጫነዋል፤ በዘለበቱ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መለኪያም ጫናውን ይመዘግባል።

በፊንላንድ ዩቫስኩላ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፕሮፌሰር ፓቮ ኮሚ እና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ይህንኑ በሰው ላይ ሞከሩት። ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች አካባቢውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተወግተው ዘለበቱ በተረከዝ ጅማታቸው ዙሪያ በቀዶ ሕክምና ተገጠመ። ከዚያም ተራመዱ፣ ሮጡ፣ ዘለሉ፣ ብስክሌት ነዱ። ልኬቱ ሲያበቃ መሣሪያው ወጣ።

የተገኙት ቁጥሮች እስካሁን ይጠቀሳሉ። በርምጃ ወቅት በጅማቱ ላይ የተለካው ኃይል እስከ 2,600 ኒውተን ደርሷል። በብስክሌት ከ1,000 ኒውተን አልዘለለም። በፈጣን ሩጫ ግን 9,000 ኒውተን፣ ማለትም የሯጩ ክብደት 12.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተመዝግቧል።

በእኛ አገር መለኪያ ቢታሰብ ዘጠኝ ኩንታል እህል በአንድ ጅማት ላይ ተንጠልጥሎ እንደማለት ነው። የጅማቱ ስፋት ደግሞ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም።

ይህ ግኝት አንድ አስገራሚ ነገር ገልጧል። በላቦራቶሪ ሲወጠሩ የአጥቢ እንስሳት ጅማቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሱት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 10 ሺህ ኒውተን አካባቢ ሲያርፍባቸው ነው። በፈጣን ሩጫ የተለካው ሸክም ከዚህ ጋር የሚስተካከል፣ እንዲያውም ትንሽ የሚበልጥ ነበር። ሕያው የሰው ጅማት ይህን ችሎ መውጣቱ ጥንካሬው ቀድሞ ከሚገመተው የላቀ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። በሌላ በኩል ግን በሩጫ ጊዜ በሚሸከመው እና ሊችለው በሚችለው መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ መሆኑን ይጠቁማል።

ዘለበቱ ትልቅ ስለነበር የሚገጠምበት ቦታ የተወሰነ ነው፤ ቀዶ ሕክምናም ይጠይቃል። በመሆኑም በ1990ዎቹ እነ ኮሚ ወደ ሌላ ዘዴ ዞሩ። ውፍረቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች ብርሃን አስተላላፊ ቃጫ በመርፌ አማካይነት ጅማቱን አቋርጣ እንድታልፍ ተደረገ። ጅማቱ ሲወጠር ቃጫዋን ስለሚጨምቃት በውስጧ የሚያልፈው ብርሃን መጠን ይለወጣል። ከብርሃኑ ለውጥ ተነሥቶ ኃይሉ ይሰላል። ዘዴው ከዘለበቱ የቀለለ ቢሆንም ያለ መርፌ አይሆንም። ለውድድር የሚዘጋጅ አትሌት ደግሞ ጅማቱን ለመርፌ አሳልፎ ይሰጣል ተብሎ አይጠበቅም።

ያለ መርፌ፦ ካሜራ፣ ሰሌዳና አልትራሳውንድ

ዛሬ በብዛት ሥራ ላይ የሚውለው ዘዴ ቅድም በዲጂኖ ምሳሌ ያየነው ስሌት የረቀቀ መልክ ነው። በአትሌቱ አካል ላይ ትንንሽ ምልክቶች ይለጠፋሉ፤ ብዙ ካሜራዎች እንቅስቃሴውን ይከታተላሉ፤ ወለሉ ላይ ያለው ሰሌዳ የመሬቱን ግፊት ይመዘግባል። ኮምፒውተሩ እነዚህን አጣምሮ በቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለውን የማዞር ኃይል ያሰላል፤ ከዚያም ወደ ጅማቱ ሸክም ይመልሰዋል።

በዚህ መንገድ ለሩጫ የሚገኙት ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ ከሰውነት ክብደት ከ5 እስከ 8 እጥፍ ባለው ክልል ውስጥ ያርፋሉ። በቀጥታ ከተለካው 12.5 እጥፍ ያነሱ ናቸው። የሩጫው ፍጥነት፣ የሯጩ አካል አሠራር እና የመሣሪያው አስተካከል ልዩነት ያመጣል። ስሌቱ ራሱም ድክመት አለው። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጅማት ያለው ርቀት በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ውጤቱ በአሥር በመቶና ከዚያም በላይ ሊዛባ ይችላል። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጎትቱ ጡንቻዎችም ለሰሌዳው አይታዩትም።

ሌላው መንገድ አልትራሳውንድ ነው። ነፍሰ ጡሮች የሚታዩበት ዓይነት መሣሪያ ባት ላይ ተደርጎ ጡንቻና ጅማት የሚገናኙበትን ነጥብ ይከታተላል። ጡንቻው ሲጎትት ነጥቡ ስንት ሚሊ ሜትር እንደተንቀሳቀሰ ይታያል። 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጅማት በ5 በመቶ ቢለጠጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው።

ይህ የመለጠጥ መጠን ለጅማት ጤና ቁልፍ ቁጥር ሆኖ ተገኝቷል። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የበገና ምሥጢር

በገና ደርዳሪ አውታሩን ሲቃኝ ካጠበቀው ድምፁ ይቀጥናል፤ ካላላው ይወፍራል። የተወጠረ አውታር ሲመታ በላዩ የሚሄደው ሞገድ ስለሚፈጥን ነው። ክራርና ማሲንቆም የሚቃኙት በዚሁ ሕግ ነው።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን-ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ጃክ ማርቲን፣ ፕሮፌሰር ዳሪል ቴለን እና ባልደረቦቻቸው እአአ በ2018 ‘ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ’ በተሰኘው መጽሔት ያቀረቡት ሥራ ይህንን ሕግ ወደ ሰው ጅማት አመጣው።

መሣሪያቸው ከቆዳ በላይ ይታሰራል። ከጅማቱ በላይ ያለውን ቆዳ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል በስሱ የሚነካ ትንሽ መምቻ አለው። ንክኪው በጅማቱ ላይ ሞገድ ይፈጥራል። በመስመር የተደረደሩ ትንንሽ የንዝረት መለኪያዎች ሞገዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ይመዘግባሉ።

ጊዜው እጅግ አጭር ነው። ሞገዱ በሰከንድ 50 ሜትር ቢጓዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ለማለፍ የሚፈጅበት 0.2 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚህ ጊዜ ፍጥነቱ ይታወቃል፤ ከፍጥነቱ ደግሞ ውጥረቱ። ተመራማሪዎቹ እንዳሳዩት የሞገዱ ፍጥነት በራሱ ሲባዛ ጅማቱ በእያንዳንዱ የስፋት መለኪያ ላይ ከሚሸከመው ኃይል ጋር አብሮ ያድጋል። በሌላ አነጋገር የሞገዱ ፍጥነት በእጥፍ ከጨመረ ሸክሙ ወደ አራት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው።

ይህ ትልቅ እመርታ ነው። ቀዶ ሕክምና የለም፤ መርፌ የለም፤ በካሜራ የተከበበ ላቦራቶሪም የግድ አይደለም። ቡድኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ሰዎች ለብሰውት ከላቦራቶሪ ውጪ የሚንቀሳቀሱበትን መሣሪያ ይፋ አድርጓል።

ዘዴው ግን ሁሉን ቻይ አይደለም። የሚነግረን በእያንዳንዱ የስፋት መለኪያ ላይ ያለውን ሸክም ስለሆነ፣ አጠቃላይ ኃይሉን ለማግኘት የጅማቱን ስፋት በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ማወቅ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ሰውም አስቀድሞ መቃኘት አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚሠራው እንደ ተረከዝና እንደ ጉልበት ሎሚ ጅማቶች ለቆዳ ቅርብ በሆኑት ላይ ነው። ጠልቀው የተቀመጡትን አይደርስባቸውም።

ጉልበት ውስጥ የተደበቀው ሊጋመንት

የፊት መስቀለኛ ሊጋመንት እንዲህ ከተደበቁት አንዱ ነው። በጭን አጥንትና በቅልጥም አጥንት መካከል፣ በመገጣጠሚያው እምብርት ላይ ይገኛል። ከውጪ ሊነካ አይችልም።

በመሆኑም ስለ ጥንካሬው የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከሞት በኋላ ከተለገሱ ጉልበቶች የተገኘ ነው። ሳቪዮ ዉ እና ባልደረቦቻቸው እአአ በ1991 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት ከ22 እስከ 35 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች የተወሰዱት ሊጋመንቶች የተበጠሱት በአማካይ 2,160 ኒውተን ላይ ነበር። ከ60 እስከ 97 ዓመት ከሆናቸው የተወሰዱት ግን 658 ኒውተን ሲደርሱ ተበጥሰዋል። ዕድሜ የሊጋመንቱን አቅም ከሦስት እጅ ወደ አንድ እጅ ያወርደዋል እንደማለት ነው።

በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የተለገሱ ጉልበቶችን በሮቦት ክንድ እያንቀሳቀሱ እያንዳንዱ ሊጋመንት የሚሸከመውን ድርሻ መለካት ተችሏል። ሮቦቱ ሙሉ ጉልበትን ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያ ሊጋመንቱ ተቆርጦ ያንኑ እንቅስቃሴ ይደግማል። በሁለቱ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ሊጋመንቱ ይሸከመው የነበረው ነው።

ሕያው ሰው ላይስ? በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ቤይኖን እና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ ለሌላ ችግር ቀለል ያለ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ከመጡ ፈቃደኞች ጋር ሠርተዋል። ጤነኛ በሆነው መስቀለኛ ሊጋመንታቸው ላይ ትንሽ የመለጠጥ መለኪያ ተገጠመ፤ እግራቸውንም በተለያየ መንገድ እንዲያንቀሳቅሱ ተደረገ። ተቀምጦ የጭን ጡንቻን በመወጠር እግርን ቀጥ ለማድረግ መታገል ሊጋመንቱን በ4 በመቶ ገደማ ለጠጠው። ቁጭ ብድግ ማለትም ከዚያ ብዙም አላነሰም። የቆመ ብስክሌት መንዳት ግን 1.7 በመቶ ብቻ።

እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ቁጥሮች ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ተጫዋች የትኛውን ልምምድ መቼ ይጀምር ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጪ ሆነዋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብስክሌት ቀድሞ የሚታዘዘው አንድም ለዚህ ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ ጅማት

ጅማት ሸክም ተሸካሚ ብቻ አይደለም፤ ጉልበት ቆጣቢም ነው። በእንግሊዝ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮበርት ማክኒል አሌክሳንደር እና ባልደረቦቻቸው እአአ በ1987 እንዳሰሉት፣ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በመካከለኛ ፍጥነት ሲሮጥ በእያንዳንዱ ርምጃ ከሚዘዋወረው 100 ጁል ገደማ ጉልበት ውስጥ 35ቱ በተረከዝ ጅማት፣ 17ቱ ደግሞ በእግር መዳፍ ቅስት ውስጥ ተጠራቅሞ ይመለሳል። ጅማቱ እንደ ሞላ ተለጥጦ ሲመለስ ከተቀበለው አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል። ጡንቻ ያንኑ ጉልበት እንደገና ለማመንጨት ነዳጅ ማቃጠል አያስፈልገውም።

በጃፓን የሚገኙ ተመራማሪዎች ትኩረታቸውን ወደ አካባቢያችን ያዞሩት ከዚህ ተነሥተው ነው። እአአ በ2014 የታተመው ጥናታቸው ታዋቂ የኬንያ የረዥም ርቀት ሯጮችን ከጃፓናውያን ጋር አነጻጽሯል። ኬንያውያኑ ረዘም ያለ የተረከዝ ጅማት እንዳላቸው፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጅማቱ ያለው ርቀትም ሰፋ ያለ መሆኑን አገኘ።

የዲጂኖውን ምሳሌ እናስታውስ። በጅማቱ በኩል ያለው አጭር ጫፍ ሲረዝም ያንኑ ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልገው ጉተታ ይቀንሳል። ከላይ በተሰላው ምሳሌ 5 ሴንቲ ሜትሩ 6 ቢሆን 1,440 ኒውተኑ ወደ 1,200 ይወርዳል። ማራቶን ውስጥ ደግሞ ርምጃው ብዙ ነው። በደቂቃ 180 ጊዜ እየረገጠ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ የሚገባ ሯጭ 22,500 ጊዜ መሬት ይረግጣል፤ ለእያንዳንዱ እግር 11,250 ጊዜ ይደርሰዋል።

ይህ ሁሉ ግን የአካባቢው ሯጮች ለድል የተፈጠሩ ናቸው ለማለት አይበቃም። የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ልምምድ፣ ከፍታ ያለው መሬትና የኑሮ ሁኔታም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ሸክም ጠላት ነው?

ጅማት ተጎዳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዕረፍትን ነው። ልኬቱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

አዳማንቲዮስ አራምፓትዚስ እና ባልደረቦቻቸው በጀርመን ባደረጉት፣ እአአ በ2007 በታተመው ጥናት ተሳታፊዎች ለ14 ሳምንታት አንዱን እግራቸውን ጅማቱ በ3 በመቶ ገደማ፣ ሌላውን ደግሞ በ4.5 በመቶ ገደማ እንዲለጠጥ አድርገው አሠለጠኑ። የሁለቱ እግሮች አጠቃላይ የሥራ መጠን ተመጣጣኝ ነበር። የጠነከረው ከፍ ባለ መጠን የተለጠጠው ጅማት ብቻ ሆነ። ትንሽ የተለጠጠው የሚታይ ለውጥ አላመጣም።

ጅማት ለመጠንከር በቂ ሸክም ይፈልጋል ማለት ነው። ሲበዛበት ይጎዳል፤ ሲያንሰው ደግሞ አይጠነክርም። በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል ያለውን ስፍራ ለማግኘት ነው ልኬት የሚያስፈልገው።

ወሰኑን መሳት ዋጋ ያስከፍላል፤ ጅማት እንደ ጡንቻ ቶሎ አይታደስምና። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ1950ዎቹና 60ዎቹ ከተደረጉት የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች በአየር ላይ የተሰራጨውን ካርቦን-14 እንደ ጊዜ መቁጠሪያ ተጠቅመው የተረከዝ ጅማትን መርምረዋል። እአአ በ2013 እንዳስታወቁት የጅማቱ እምብርት የሚሠራው እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እምብዛም አይታደስም። በ40 ዓመቱ የሚሮጥ ሰው በመሠረቱ በጉርምስናው በተሠራ ጅማት ነው የሚሮጠው። ታዳጊዎችን ያለ ልክ በማስሮጥ ውጤት ለሚሹ ይህ ሊጤን የሚገባው ነው።

ሕክምናውም ሸክምን መሠረት ያደረገ ሆኗል። ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን እአአ በ1998 ባቀረቡት ጥናት ለረዥም ጊዜ የተረከዝ ጅማት ሕመም የነበረባቸው 15 ሯጮች ለ12 ሳምንታት ልምምድ አደረጉ። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶች ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ወደ ታች ማውረድ ነው። በቀን 180 ጊዜ፣ አንዴ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ፣ አንዴ አጠፍ አድርጎ። ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉም ሰው በዚህ እንደማይድን ቢያሳዩም፣ ቀስ በቀስ ሸክም መጨመር የጅማት ሕክምና መሠረት ሆኖ ቀጥሏል። የሚጠይቀው መሣሪያ ደረጃና ትዕግሥት ነው።

የጅማትን አቅም የሚቀንሱ ነገሮችንም ማወቅ ያሻል። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ በአካባቢያችን የተለመዱ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች የጅማት መቁሰልና መበጠስ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እአአ በ2008 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዝዟል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዙ የሚወስዱና በዚያው ጠንካራ ልምምድ የሚያደርጉ አትሌቶች ይህን ልብ ሊሉ ይገባል።

ከላቦራቶሪ ወደ ሜዳ

በእግር ኳስ ሜዳ ላይ የጉልበት ሊጋመንት የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ በሌላ ተጫዋች ግጭት ሳይሆን ተጫዋቹ ራሱ ዘሎ ሲያርፍ ወይም ድንገት አቅጣጫ ሲቀይር ነው። የእንዲህ ያሉ ጉዳቶችን የቪዲዮ ምስሎች የመረመረ ጥናት አደጋው እግር መሬት በነካ በ40 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ እንደሚደርስ ገምቷል። ሰው አስቦ አካሄዱን ለማረም ከዚህ በጣም የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት ጉልበትን የሚያድነው አስቀድሞ በልምምድ የተገራ ሰውነት ነው።

‘ፊፋ 11+’ የተሰኘው የማሟሟቂያ ልምምድ የተዘጋጀው ይህን በማሰብ ነው። ወደ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከኳስ ሌላ ብዙም ነገር አይፈልግም። በኖርዌይ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተደርጎ እአአ በ2008 የታተመ ሰፊ ጥናት ጉዳትን በሲሶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ሴቶች ለዚህ የጉልበት ጉዳት ከወንዶች ይበልጥ የተጋለጡ በመሆናቸው፣ የሴቶች እግር ኳስ እያደገ ባለበት በአፍሪካ ቀንድ ጠቀሜታው ቀላል አይደለም።

በቆዳ ላይ ታስሮ የጅማትን ሸክም የሚናገረው መሣሪያ በእያንዳንዱ አሠልጣኝ ኪስ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል። ለጊዜው ከምርምር ተቋማት ብዙም አልወጣም። ሆኖም ከአርባ ዓመታት ልኬት የተገኙት ትምህርቶች መሣሪያውን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። የሩጫ ፍጥነትን ወይም ርቀትን በድንገት አለመጨመር፣ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ የሚሰማ የተረከዝ መጨማደድን አለመናቅ፣ ከጉዳት በኋላ ሙሉ ዕረፍትን ሳይሆን የተመጠነ ሸክምን መምረጥ፣ ለታዳጊዎች መራራት።

በገና ደርዳሪ አውታሩ እንዳይበጠስም፣ ድምፁ እንዳይጠፋም እየተጠነቀቀ ይቃኛል። ሲድኒ ላይ በ0.09 ሰከንድ የተገኘው ድል ከአንዲት የቆሰለች ጅማት ጋር የተደረገ ትግልም ነበር። ቀጣዩ ትውልድ ያን ያህል በጭፍን መታገል ላያስፈልገው ይችላል።